ሳትሞቅ የማትጠፋው መኪና

ባሌን ፊቱን በደንብ ሳላውቅ የመኪናውን ድምፅ አውቅ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ይሳቅ። በኮሮና ዘመን የተጫጨ ሰው የራሱን ጉድ ራሱ ያውቃል።

ያኔ የምኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር፣ በአጎቴ ቤት ነበር። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ገና በልጅነቴ ስላረፈ ከሆሳዕና አስመጥቶ ያሳደገኝም፣ ጀርሚስተን መሃል ከተማ የብርድ ልብስና የመጋረጃ ሱቅ የከፈተልኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ወደዚያ ሱቅ ረዘም ያለ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው መጣና መጋረጃ ፈለገ። ጻካኔ በሚባል ሎኬሽን፣ በጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የምንለው ትንሽ የሰፈር ሱቅ እንዳለው፣ ዳቦና ወተት፣ ስኳርና ዘይት እንደሚቸረችር ነገረኝ። ስፓዛ መጋረጃ ምን ያደርግለታል ብዬ ያን ቀን አለመጠየቄ እስካሁን ይገርመኛል። በሳምንቱ ደግሞ መጣ፣ በሚቀጥለውም መጣ። በኋላ ሄጄ እንዳየሁት ስፓዛው ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ እሱም ፍርግርግ ብረት ነው።

የእኛ ሰው እዚህ አገር ሲደላደል መጀመሪያ የሚገዛው ባኪ ነው። ኋላው ክፍት፣ ከሆልሴል፣ ከጅምላ መሸጫው፣ ዕቃ የሚሸከም፣ ማንንም የማያስደነግጥ መኪና። ይሄ ሰውዬ ግን ዳቦ የሚያመላልሰው ዝቅ ባለች ቀይ የስፖርት መኪና ነበር። የፊት በሮቿ እንደማንኛውም መኪና ይከፈታሉ፤ የኋላዎቹ ግን በተቃራኒው ወደ ኋላ ስለሚከፈቱ አራቱም ወለል ሲሉ ቁም ሣጥን ነው የምትመስለው። የዳቦው ቅርጫት በዚያ በኩል ይገባል። ሲያስነሳት መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር የላትም፤ ኮፈኗ ላይ ያስቀመጠው የሻይ ብርጭቆ ንቅንቅ ሳይል ሞተሩ ይሠራል። የጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ብርጭቆውን ለማየት ወጡ።

"ሮታሪ ነው" አለኝ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከጎኔ ካለው ሻይ ቤት ሳምቡሳ ገዝቶ ነበር። አንዱን ሳምቡሳ አንስቶ በሞላላው ሳህን ውስጥ ያዞረው ጀመር። "ሌላው ሞተር ውስጥ ፒስተን አለ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲወቅጥ ይኖራል። የዚህ ግን እንዲህ ሳምቡሳ የሚመስል ብረት ነው፤ ይዞራል በቃ። አንዱ ጎኑ ሲስብ ሌላው ይጨምቃል፣ ሌላው ያቃጥላል። የሚወቅጥ ነገር ስለሌለ አይንቀጠቀጥም። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጉልበቱን ግን አትጠይቂኝ!"

"ታዲያ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን አይነዳውም?"

ሳምቡሳውን አፉ ውስጥ ጨመረና ረጅም ጊዜ አኘከ።

መልሱን ያገኘሁት በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው። መኪናዋ ቤንዚን ትወዳለች። ዘይትም ታቃጥላለች፤ ያውም ተበላሽታ ሳይሆን አሠራሯ ነው፣ የሳምቡሳው ሦስት ጫፎች ግድግዳውን እየታከኩ ስለሚዞሩ ዘይት ካልጠጡ ያልቃሉ። ጫፎቹ ካለቁ ደግሞ ሞተሩ ወኔው ይከዳዋል። ዳገት ላይ ካላስጮኋት አትወጣም። ከሁሉ የባሰውን የነገረኝ በመጨረሻ ነው፤ ቀዝቅዛ የቆየች መኪና ተነስታ ሳትሞቅ ከጠፋች ቤንዚኑ ውስጧ ይቀርና ትታነቃለች፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኗት እሺ አትልም።

"ከተነሳች እስክትሞቅ ማጥፋት የለም" አለኝ። "አመሏ ይኸው ነው። አመሏን ላወቀ ግን እንደሷ ያለ የለም።"

እኔም ንግግሩን ስለ መኪና ብቻ አድርጌ ሰማሁት። ሞኝ ነበርኩ ማለት ነው።

ከዚያ አገሩ ተዘጋ። ስፓዛው ምግብ ስለሚሸጥ ፈቃድ አውጥቶ ከፈተ፤ የእኔ ብርድ ልብስና መጋረጃ ግን ለሕይወት አያስፈልግም ተብሎ ቁልፍ ተደረገበት። እሱ ጻካኔ፣ እኔ ሮዘተንቪል ተቀመጥን። ዕቃው እስከ በሩ ስለሚመጣለትና መኪናዋን መንዳት ስላልተቻለ በየጊዜው አስነስቶ እስክትሞቅ መጠበቅ ነበረበት። ሥራ ፈት መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነውና ውስጧ ቁጭ ብሎ ይደውልልኝ ጀመር። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የምሰማው ያንን ወጥ የሆነ የሞተር ድምፅ ነው፣ ከዚያ የሱን። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ መሃል እስክትደርስ እናወራለን። መሃል ስትደርስ "ሞቀች" ይለኛል፤ እኔም "እንግዲህ አጥፋት" እለዋለሁ፤ ማንም አያጠፋም። በቤንዚን እንደዚያ ጊዜ የተጫወተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከልቤ የወደድኩት በእነዚያ ወራት ነው፤ ደስታው ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ያስቀኝ ነበር።

አጎቴን ግን የበሽታው ፍርሃት ሌላ ሰው አደረገው። ከዚያ በፊት ወደ ሱቅ ስወጣ እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ "ጌታ ይከተልሽ" ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ያንን እጅ ለምጄው አድጌያለሁ። ኮሮና ከገባ በኋላ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ መዳፉን ከፍ ያደርግና "ከዚያው ተባረኪ" ይለኛል። ሳኒታይዘር ከኪሱ አይጠፋም፤ የበር እጀታ ላይ ሳይቀር ይረጫል። የሚወዳቸውን ሰዎች በስልክ ስለቀበረ አልፈርድበትም። እጁ ግን ይናፍቀኝ ነበር።

ነገሩ ትንሽ ሲላላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቤት መግባት ስለተፈራ ግቢ ውስጥ ወንበሩ ተራርቆ ተደረደረ፤ ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል። በዚያ ርቀት በጭምብል መነጋገር ስለማይቻል ጋብቻዬ የተጠየቀው በጩኸት ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው የዙሉ ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ጎጎ የምንላት አሮጊት፣ ምን እንደሆነ ጠይቃ ስትረዳ እልልታዋን አቀለጠችው። አጎቴ ገና እሺ አላለም ነበር።

"የልጁ ሥራ መልካም ነው" አለ አጎቴ። "ጸሎቱም መልካም ነው፣ ሰምቻለሁ። የምጠይቀው ስለ መኪናው ነው። ቤንዚን የምትጠጣ፣ ዘይት የምትበላ፣ አኩርፋ የምትቆም መኪና ወድዶ የያዘ ሰው ልጄን በየትኛው መንገድ ላይ ያቆማታል?"

አጎቴ ወደዚህ አገር እንደገባ አሮጌ መኪናው ሎኬሽን መንገድ ላይ ቆማበት ነበር። ያኔ ምን እንደደረሰበት ለማንም ነግሮ አያውቅም። ስለ መኪና መቆም ሲናገር ግን ቀልድ የለም።

እጮኛዬ እንደ ሥርዓቱ መናገር አልነበረበትም፤ ግን አላስቻለውም። "ጋሼ፣ አመሏን ለሚያውቅ አትቆምም" አለ።

"ለአፍ ዳገት የለውም" አለ አጎቴ። ከዚያ ተነስቶ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃሉን ሰጠ። "በሰርጉ ቀን ያቺው መኪና ከዚህ በር በራሷ ጉልበት ተነስታ ልጄን ትውሰድ። ከተገፋች፣ ከተጎተተች፣ ወይም በሌላ መኪና ከተተካች ልጄ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሌላ ዓመት እንነጋገራለን።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም። እጮኛዬ ጎንበስ ብሎ "እሺ ጋሼ" አለ፤ እኔም በመስኮቱ በኩል እያየሁ በሁለቱም ተናደድኩ። ሁለት ወንዶች በአንድ ቀይ ብረት ላይ ተወራርደው መሃል ያስቀመጡት እኔን ነው።

ሰርጉ ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦለት ሁለቴም ተሰረዘ፤ ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ሦስተኛው ቀን የወደቀው በሁለተኛው ዓመት፣ በጆሃንስበርግ የክረምት ብርድ መሃል ነው። በሽታው እንደገና እያገረሸ ነበርና በቅርቡ ሁሉም ነገር ይዘጋል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ስለዚህ ያ ቅዳሜ ካለፈን መቼ እንደምንጋባ የሚያውቅ ጌታ ብቻ ነበር።

በዋዜማው እጮኛዬ መኪናዋን ለማስጌጥ እኛ ግቢ አምጥቶ አቆማት። እሱ ራሱ ሰዓት እላፊው ሳይይዘው በጓደኛው ባኪ ወደ ጻካኔ መመለስ ነበረበት። እዚህ ላይ የግቢያችንን ሕግ መናገር አለብኝ። መግቢያው ጠባብ ነው፤ የእኛም የተከራዮቹም መኪኖች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተሰልፈው ያድራሉ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሆልሴል የሚወጣው ሰው የፊተኞቹን ማንሳት ስላለበት የሁሉም ቁልፍ ኩሽናው በር ላይ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ቁልፉን ኪሱ ይዞ የሚገባ ሰው አላምናችሁም እንዳለ ይቆጠራል። እጮኛዬ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ምስማሩን አየ፤ አጎቴ ደግሞ እሱን ያየዋል። ሰቀለው። ምን ያድርግ?

"ማንም እንዳይነካት ንገሪያቸው" ብሎኝ ሄደ። ነገርኳቸው። ለአጎቴ ሚስት ነገርኩ፣ ለተከራዮቹ በሙሉ ነገርኩ። ለአጎቴ የነገረው ግን የለም። ለአጎቴ ስለ መኪና የሚነግር ማን ደፍሮ?

ጠዋት ፀጉሬን እየተሠራሁ ሳለ ያ የማውቀው ድምፅ ከግቢ ተሰማኝ። ሞተሩ ተነሳ። ጎማ ትንሽ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ዝም አለ። ሴቶቹ ስለ ዘውዱ ያወራሉ፤ እኔ እንደገና ይነሳ እንደሆን ጆሮዬን ወደ ግቢው ጣልኩ። አጎቴ እጁን ሳኒታይዘር እያሸ ገባና ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ደስ ብሎት ተናገረ። "ወንበሮቹን ያመጣው መኪና መግቢያ አጥቶ ነበር። ያቺን ቀይ መኪና ሁለት እርምጃ ወደ ዳር አወጣኋት። እውነትም ለስላሳ ነች! ያለ ጥፋቷ ፈርጄባት ነበር መሰለኝ።"

ያን ሁሉ ወራት ሲያማት ኖሮ በሰርጌ ጠዋት አመሰገናት። ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በባኪ መጣ። በር ላይ የተለመደው "አናስገባም" ተዘፈነ፣ ተገፋፋን፣ ተሳቀ፤ ሁሉም በርቀት መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከዚያ እጄን ይዞኝ ወጣንና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ቸክ ቸክ ቸክ ብላ ዝም አለች። ደገመ። ቸክ ቸክ ቸክ። መዘምራኑ ዝማሬውን ቀስ በቀስ ተዉት። አጎቴ በሩ ላይ በአዲሱ ሙሉ ልብሱ ቆሟል፤ ፊቱ ድል ያደረገ ሰው ፊት አልነበረም፣ ያዘነ ነበር።

ጎንበስ ብዬ በጆሮው "ጠዋት ጋሼ አንቀሳቅሷት ነበር" አልኩት።

እጮኛዬ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው "ዝም በይ" አለኝ። "በሰው ፊት አናዋርደው።" ከዚያ ወጥቶ እጁን አጣምሮ አጎቴ ፊት ቆመ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አያያዟን አላወቅሁበትም። ቃልዎ ቃል ነው።"

ይህን ሲል ነው ያገባሁት፤ ፓስተሩ የጨረሰው በኋላ ነው።

አጎቴ ግን ግራ ገባው። "እንዴት ነው ነገሩ? ጠዋት እኮ በመጀመሪያው ነው የተነሳችው! እኔ ራሴ አስነስቼ፣ ሁለት እርምጃ ወስጄ አጠፋኋት።"

ሚዜዎቹ መሬት አዩ። ተከራዮቹ ሰማይ አዩ። የአጎቴ ሚስት ሽርጧን እስከ አፏ ሳበች። አጎቴ አንዱን ፊት ሌላውን ፊት እያየ ዞረ፤ መጨረሻ ላይ እጮኛዬ ላይ ደረሰና ቆመ። የልጁ እጅ አሁንም እንደተጣመረ ነበር። አጎቴ ሁሉም ገባው። ኮቱን አወለቀ፣ አጣጥፎ ለሚስቱ ሰጣት፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ምን ይደረጋል?" ብሎ ጠየቀው፤ ስለ መኪና ሰው ሲጠይቅ ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁት።

እጮኛዬ የቤንዚኑን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩን ደጋግሞ አዞረ፤ የታነቀችበትን እንድትተፋ ነው። ፊውዙን ሲመልስ ባትሪው ደክሞ ነበር። መንገዳችን ቁልቁል ስለሆነ መግፋት ብቻ ቀረ፤ ለመግፋት ደግሞ ወንድ ሁሉ ያስፈልጋል፣ እሱም ጭምር። መሪ ማን ይያዝ? መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በአጎቴ ባኪ ነው፤ የዚህችን አመል ደግሞ ከእጮኛዬ ተምሬያለሁ። ባለ ተረከዝ ጫማዬን አውልቄ መሪው ኋላ ገባሁ። የአጎቴ ሚስት በዚያ ወደ ኋላ በሚከፈተው በር የቀሚሴን ጅራት እያስገባች ሳለ ራሷም ከጅራቱ ጋር ገባች። ለመውጣት ጊዜ አልነበረም።

"ሁለተኛ ማርሽ! ፍሪሲዮን ረግጠሽ ያዢ! ስልሽ ልቀቂ!" ይላል እጮኛዬ ከኋላ።

"ሃይቦ!" ትላለች ጎጎ ካጥሩ ወዲያ። "ፑሽ፣ ማዳላ! ፑሽ!" ሽማግሌው ገፋ በል ማለቷ ነው፤ አጎቴን ነው።

በመስታወት አየሁት። ጭምብሉ አገጩ ላይ ወርዶ፣ ከሚዜዎቹ መሃል፣ ሁለት እጁን መኪናዋ ጀርባ ላይ ተክሎ ይገፋል። መኪናዋ ተንከባለለች፣ ፈጠነች፣ "ልቀቂ!" ተባለ፣ ለቀቅሁ። አንገጫገጨችኝ፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ከኋላዋ መንገዱን ሙሉ ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሳች። ያ በስልክ የማውቀው ድምፅ! ነዳጅ ሰጠኋት። እንዳትጠፋብኝ ስለፈራሁ አልቆምኩም፤ ሰፈሩን ዞርኩ። ሞተሩ ከፍ ሲል የምታሰማውን የማስጠንቀቂያ ጢጥታ እያሰማች፣ የአጎቴ ሚስት ከኋላ "በኢየሱስ ስም!" እያለች፣ እኔ በነጭ ቀሚስ እየሳቅሁ ዞርን። በራችን ላይ ስንደርስ መዘምራኑ ከበሮውን መቱ፤ ደስ ስላለኝ ሳልቆም ደግሜ ዞርኩ።

በሁለተኛው ዙር ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። እጮኛዬ ጎኔ ገባ። "አትውረጂ፣ አንቺው ንጂ" አለኝ፤ እያለከለከ፣ ጠረኑ ቤንዚን ቤንዚን እያለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ቃል ቃል ነው የሚል ሰው ነበር። "ተገፋች እኮ" አለው አጎቴን። "ቃልህስ?"

አጎቴ ትንፋሹን ሰበሰበ። "የገፋኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲገፋት ያየ አለ?"

ላባቸውን የሚጠርጉት ሚዜዎች ሁሉ አላየንም አሉ።

ከዚያ ወደ መስኮቴ መጣ። በዚያ ሁሉ ወራት እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም ነበር። ወርጄ ጉልበቱን መሳም ነበረብኝ፤ ልወርድ ስል "ተዪ፣ ትጠፋብሻለች" አለኝ። እጁን በመስኮቱ አስገባና ራሴ ላይ አሳረፈው። ሳኒታይዘር የለ፣ ርቀት የለ። ሞተሩ ስለሚጮህ እሱም ጮኸ። "ጌታ ይከተልሽ! ቤታችሁ ይሙላ! መንገድ ላይ አትቅሩ!" እኔም ኩሌ እየፈሰሰ መርፌዋን አየሁ፤ መሃል ደርሳለች፤ ሞቃለች።

ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሙሽራዋ ነዳች፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይወራብኛል። የአጎቴ ሚስት በኩሽና ሽርጧ ፎቶው ሁሉ ውስጥ አለች። ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ሁሉ እንደገና ተዘጋ። ዛሬ ልጆች ስለመጡ ባኪ ነው የምንነዳው፤ ቀይዋ መኪና ስፓዛው ጀርባ ቆማ በየጊዜው ትሞቃለች፣ ባሌም ውስጧ ሆኖ ይደውልልኛል፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ብሆንም።

አጎቴ ያን ቀን የገፋው የጭስ ማውጫዋን፣ የማርሚታውን፣ ጥላሸት የጠጣውን ጀርባዋን ነበር። ለካ እጁን ሳይታጠብ ነው የባረከኝ። ማታ ቬሌን ሳወልቅ አምስት ጣቶቹ ነጩ ላይ ጥቁር ሆነው ታትመው አገኘኋቸው። ላውንደሪ ይወሰድ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እስከ ዛሬ አልታጠበም።